መሳቢያ ውስጥ የቀረው ሰዓት

"ስንት ሰዓት ነው?" ስንባል እጃችን የሚሄደው ወደ ኪሳችን ነው። ስልኩ ይወጣል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ሁለት መልእክት ገብቷል፣ አንድ አስቂኝ ቪዲዮ ተልኳል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩ ወደ ኪስ ይመለሳል። ሰዓቱን ግን አላየነውም። ጠያቂውም ሄዷል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ወይም ቁም ሣጥን ላይ በተቀመጠች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቁልፍና ከተቃጠለ ቻርጀር ጋር የተኛ አንድ የእጅ ሰዓት አይጠፋም። የአባት ነው፣ የአጎት ነው፣ ወይም አክስት ከአረብ አገር ስትመጣ ያመጣችው ነው። "ተበላሽቷል" ተብሎ ተቀመጠ፣ በዚያው ተረሳ። እንደ እኔ ከሆነ ከእነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ ሊድኑ የሚችሉ ናቸው። የአንዱ ባትሪ አልቋል፣ የሌላው ዘይት ደርቋል፣ የሦስተኛው ደግሞ ቀኑን ሊያስተካክል የሞከረ ሰው ሳያውቅ አንዲት ጥርስ ሰብሮበታል። ሰዓት ዕድሜ ከሚገድለው ይልቅ አያያዝ አለማወቅ የሚገድለው ይበዛል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ እጅ ሰዓት እናውራ፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በተለይ ደግሞ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች እንዴት ብናስተካክለው እንደማይጎዳ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። የሰከንዷን ቆጣሪ ተመልከቱ። በየሰከንዱ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል የምትል ከሆነ ኳርትዝ ነው፤ ማለትም በባትሪ ይሠራል። ስስ በሆነ እርምጃ የምትንሸራተት ከመሰለች ሜካኒካል ነው፤ በሞላ ይሠራል። ቁጥር ብቻ የሚያሳየው ዲጂታልም ውስጡ ያው ኳርትዝ ነው። ስማርት ሰዓት የምንለው ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ እጅ ላይ የታሰረ ትንሽ ስልክ ነው።

ሜካኒካሉ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የብረት ሞላ አለ። ሞላው መፈታት ይፈልጋል፣ ሲፈታ ጥርሳም መዘውሮችን ይገፋል። ዝም ብሎ ቢለቀቅ በአንዴ ተፈቶ ያልቃል። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ ጎማ እየያዘች ትለቀዋለች፣ እየያዘች ትለቀዋለች። ጆሯችሁ ላይ ስታስጠጉት የምትሰሙት ጭ-ጭ-ጭ የሚለው ድምፅ ያ ነው። በብዙዎቹ የዛሬ ሰዓቶች ይህ በሰከንድ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ይሆናል። ስምንቱን ብትወስዱ በአንድ ቀን ብቻ ከ690 ሺህ በላይ ምት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ውሎ በቀን አሥርና ሃያ ሰከንድ ቢሳሳት ብልሽት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

ኳርትዙ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ባትሪው ለአንዲት ደቃቅ የኳርትዝ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ እያላችሁ 15 ጊዜ ብታካፍሉት ልክ አንድ ይወጣል። ያቺ አንድ ናት የሰከንዷን ቆጣሪ የምታዘልላት። ስህተቱ በወር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የመንገድ ዳሩ ርካሽ ኳርትዝ ዋጋው የመኪና ከሆነው ሜካኒካል ሰዓት ይልቅ ትክክለኛውን ሰዓት ይነግራችኋል። ሰው ውዱን የሚገዛው ሰዓት ለማወቅ እንዳልሆነ ከዚህ ግልጽ ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ የእጅ ሰዓት መጀመሪያ የሴት ጌጥ ነበር። ብሬጌ የተባለው የፓሪስ ሰዓት ሠሪ በ1810 ለኔፕልስ ንግሥት የእጅ ሰዓት እንዲሠራ ታዝዟል። ፓቴክ ፊሊፕም በ1868 ለአንዲት የሃንጋሪ መኳንንት ሴት ሠርቷል። ወንዱ በሰንሰለት የታሰረ የኪስ ሰዓት ነበር የሚይዘው፤ እጁ ላይ ሰዓት ያሰረ ወንድ ይሳቅበት ነበር።

ነገሩን የቀየረው ምቾት ነው። አልቤርቶ ሳንቶስ-ዱሞንት የተባለ ብራዚላዊ በፓሪስ ሰማይ ላይ በአየር መርከብ የሚበር ሰው ነበር። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ እንዴት ከኪሱ ሰዓት ያውጣ? ለወዳጁ ለሉዊ ካርቲየ ይህንኑ ነገረው፣ ካርቲየም በ1904 እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። የእጅ ሰዓት የተፈለገው ሰው እጁን ኪሱ እየከተተ ሰዓት ማየት ስላስቸገረው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ ስልክ ይዘን ወደ ኪስ ሰዓት ዘመን ተመልሰናል። ስማርት ሰዓት የሸጡልን ኩባንያዎች ያዩት ይህንኑ ይመስለኛል።

ወንዶቹን በጅምላ ያሳመነው ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ምሽግ ውስጥ ያለ መኮንን ተኩሱ የሚጀመረው፣ ወታደሩም የሚወጣው በተባለው ደቂቃ ነው፤ ኪስ ለመፈለግ ጊዜ የለም። ወታደሮቹ ሰዓታቸውን እጃቸው ላይ አስረው ዘመቱ፣ እንደታሰረ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በእጅ ሰዓት የሚስቅ ጠፋ።

ጦርነቱ አንድ ሌላ ነገርም ይዞ መጣ፤ በጨለማ የሚያበራ ቁጥር። ቀለሙ ሬዲየም ነበረበት። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲና በኢሊኖይ፣ ወጣት ሴቶች ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው ቁጥሮቹን በቀጭን ብሩሽ ይቀቡ ነበር። የብሩሹን ጫፍ ለማሾል በከንፈራቸው እንዲያረጥቡት ተነግሯቸዋል፤ አደጋ የለውም ተብለዋል። ሬዲየሙ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። ጥርሳቸው ወለቀ፣ መንጋጋቸው ተሰባበረ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። በኒው ጀርሲ አምስት ሴቶች ኩባንያውን ከስሰው በ1928 ጉዳዩ በካሳ አለቀ። የእነሱ ክስ ከዚያ በኋላ በመጣው የሠራተኛ ደኅንነት ሕግ ላይ አሻራውን ጥሏል።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። የሬዲየም ቀለም እስከ 1960ዎቹ ድረስ በሰዓት ላይ ይቀባ ነበር። የሬዲየም ጉልበት በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የአያት ሰዓት ዛሬ በጨለማ ባያበራም እንኳ የደከመው አብሮት የተቀላቀለው አብሪ ነገር ነው እንጂ ሬዲየሙ እዚያው አለ። ስለዚህ ቁጥሮቹ ላይ ቡኒ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ወፍራም ቀለም ያለበት በጣም አሮጌ ሰዓት ካገኛችሁ ቤት ውስጥ በቢላ አትክፈቱት፣ ቀለሙን አትፋቁት፣ ብናኙን እፍ አትበሉት። እንደተዘጋ ይቀመጥ፤ ለሰዓት ሠሪ ስትሰጡትም ንገሩት። የዛሬዎቹ ሰዓቶች ላይ ያለው ቀለም ብርሃን ጠጥቶ መልሶ የሚተፋ እንጂ ጨረር ያለው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ነው የሄደው። በ1926 ሮሌክስ ውኃ የማይገባው "ኦይስተር" የተባለ ሰዓት አወጣ። በቀጣዩ ዓመት መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ቀዝቃዛ ባሕር ስትዋኝ ይህንኑ ሰዓት አንገቷ ላይ አስራ ነበር። ያን ቀን መሻገር አልቻለችም፤ ሰዓቱ ግን ሲወጣ ይሠራ ነበር። ኩባንያውም ወሬውን በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ አስነገረው። (ኢንፍሉዌንሰር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።) በእነዚያው ዓመታት ጆን ሃርውድ የተባለ እንግሊዛዊ እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላ የእጅ ሰዓት ፈጠረ፤ አውቶማቲክ የምንለው ያ ነው።

በ1969 የገና ዕለት የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን ለገበያ የቀረበ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ይዞ ብቅ አለ። ዋጋው 450 ሺህ የን ነበር፤ ያኔ በዚያ ገንዘብ መኪና ይገዛ ነበር። ዋጋው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረደ፣ ስዊዘርላንድም ደነገጠች። በ1970 በሰዓት ሥራ ላይ ከነበሩት ወደ 90 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞቿ በ1980ዎቹ የቀሩት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። ከዚያ ነው በ1983 ፕላስቲኩ ስዋች መጥቶ ነፍስ የዘራላት።

በዚያው በ1983 ጃፓን ውስጥ የካሲዮው መሐንዲስ ኪኩኦ ኢቤ ጂ-ሾክን አወጣ። አባቱ የሰጠው ሰዓት ወድቆ ስለተሰበረበት የማይሰበር ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሳ፤ ከ200 ያህል ሙከራ በኋላ አንዲት ልጅ ኳስ ስታነጥር አይቶ ሐሳቡ መጣለት። ኳሱ መሬት ሲመታ መሀሉ ያለው ነገር አይነካም። እኛ በብዛት የምናውቃት ቀጭኗ ጥቁር ካሲዮ ደግሞ የ1989 ልጅ ናት። ኤፍ-91 ደብልዩ ትባላለች። ባትሪዋ ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል፤ በየማታው ቻርጅ ለሚጠይቅ ስማርት ሰዓት ይህ ስድብ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ዛሬም ስልክ ላይ አላርም ስናደርግ "ሰዓት ሞላሁ" እንላለን። ቃሉ ከሞላው ዘመን ቀርቶብን ነው። ታዲያ የእጅ ሰዓታችሁን የምትሞሉት በየትኛው ነው? በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ?

ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። የሰዓቱ ፊት ላይ ያሉት ቁጥሮች 12 ስለሆኑ ስድስት ሰዓት ማለት ልክ ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ነው። የፈረንጅ 7 የእኛ 1 ነው፤ የፈረንጅ 9 የእኛ 3። ስለዚህ ሰዓቱን በፈረንጅ አድርጋችሁ የሐበሻውን ማንበብ ትችላላችሁ። አጭሯ ቆጣሪ ጭራ ካላት ጭራዋ የምታመለክተው የሐበሻውን ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት ሁለት አቆጣጠር፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ቀን የሚያሳይ መስኮት ካለው ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ብዙ ሰዓት የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። ከሰዓቱ ጋር የሚመጣችው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ "ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ባለው ጊዜ ቀን አትቀይሩ" ትላለች። ምክንያቱም በዚያ ጊዜ የሰዓቱ መዘውር የቀኑን ቀለበት ለመግፋት ጥርሱን አስገብቷል። እናንተ በማዞሪያው ስትገፉት ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፣ አንዱ ይሰበራል። ሐበሻው ይህን ያነብና ይተረጉመዋል፦ "በእኛ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ማለት ነው፤ ያኔ ተኝቻለሁ፣ ችግር የለም።"

ችግር አለ። ይህ ትርጉም ትክክል የሚሆነው ሰዓቱ በፈረንጅ ከተሞላ ብቻ ነው። ሰዓቱ ፀሐይን አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን ፊት ነው። ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፤ የእናንተ 12 ደግሞ ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። በሐበሻ የተሞላ ሰዓት ቀኑን ንጋት ላይ የሚቀይር ከሆነ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው። ልክ ቁርስ በልታችሁ፣ ታክሲ እየጠበቃችሁ፣ "ውይ፣ ቀኑ ተሳስቷል" ብላችሁ የምታስተካክሉበት ሰዓት! ምሽት ላይ የሚቀይር ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 3 ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በጎን ያለችውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ቆጣሪዎቹን ወደፊት አዙሩ፤ ቀኑ ዘሎ እስኪቀየር። አሁን ቀን የሚቀይረው 12 የትኛው እንደሆነ አወቃችሁ። አሁንም ወደፊት ሄዳችሁ አጭሯን ቆጣሪ ታች 6 ላይ አድርሷት። ከዚያ ማዞሪያዋን አንድ እርከን መልሳችሁ ቀኑን የትናንቱን አድርጉት። እንደገና እስከ መጨረሻ ስባችሁ ቆጣሪዎቹን አዙሩ፤ ቀኑ ዘሎ የዛሬው ሲሆን ያ የንጋቱ 12 ነው። ከዚያ አሁን እስካለው ሰዓት መቀጠል ነው። ጊዜው ማታ ከሆነ 12ን አንድ ጊዜ ታልፋላችሁ፣ ቀኑ ግን አይቀየርም። ከእንግዲህ ሰዓታችሁ ቀን የሚቀይረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እንደ አገሬው። ዋዜማው ከገባ ቀኑ ገብቷል የምትሉ ደግሞ ቀኑ የሚዘልበትን 12 የምሽቱ አድርጉት፤ የቤተ ክርስቲያንም አቆጣጠር እንዲያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ሴይኮ 5 ሰዓቶች ቀናቸው የሚቀየረው ማዞሪያዋን በመሳብ ሳይሆን ወደ ውስጥ በመጫን ነው። አልመጣም ብሎ በጉልበት መሳብ የለም።

ለነገሩ ቋንቋችን ይህን የቀን ድንበር ጣጣ ድሮ ፈትቶታል። "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ" ስንል የትኛው ሌሊት እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። የፈረንጁ "ማክሰኞ ሌሊት 1 ሰዓት" ግን የማክሰኞ መግቢያ ይሁን መውጫ ገና ያጨቃጭቃል።

የወሩን ቀን በእኛ ማድረግስ? ይቻላል። ተራ ሰዓት እያንዳንዱ ወር 31 ቀን ይመስለዋል፤ የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንዴ መግፋት ነው። የፈረንጁን የምትከተሉ ሰዎች ይህን የምታደርጉት በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ ግን ከ5 ወይም ከ6 ተነስቶ እስከ 1 ድረስ ማዞር ነው፤ እንቁጣጣሽ ጠዋት ጣት ማፍታቻ ትሆናችኋለች። በዚህ ጉዳይ ሀብትም አያድንም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተሰጣቸው የተነገረለት የፓቴክ ፊሊፕ ወርቅ ሰዓት በ2017 ጄኔቫ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ከሁለት ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሽጧል። ያ ሰዓት የወሮቹን ርዝመትና የአራት ዓመቱን የካቲት ሁሉ ራሱ ያውቃል፤ ጳጉሜንን ግን አያውቅም።

ስልክና ስማርት ሰዓት ላይ የሐበሻ ሰዓት የምትፈልጉ ደግሞ ሰዓቱን በእጃችሁ በስድስት ሰዓት አታንቀሳቅሱት። አንዳንድ ድረ ገጾች የስልካችሁ ሰዓት ሲሳሳት "ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም" ብለው ላይከፈቱ ይችላሉ፤ የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድም ሊበላሽ ይችላል። በሱ ፈንታ የዓለም ሰዓት የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስን ጨምሩ። ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እዚያ እኩለ ሌሊት የሚሆነው እዚህ ሲነጋ ነው። ስለዚህ በ12 ሰዓት አቆጣጠር የምታሳያችሁ የሐበሻውን ሰዓት ነው፣ ቀኑም የሚቀየረው ንጋት ላይ ነው። ቶኪዮም ትሆናለች፤ የእሷ ቀን ግን የሚቀየረው እዚህ ሲመሽ ነው። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ይህን ይያዙ፦ የአዲስ አበባን የሐበሻ ሰዓት ለማወቅ በበጋቸው እጃቸው ላይ ባለው ሰዓት ላይ አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት መደመር ብቻ ነው። እዚያ ጠዋት 9 ከሆነ በበጋ እዚህ 10 ሰዓት ነው፣ በክረምት 11። እኩለ ሌሊት ላይ እየደወሉ ሰው ማስደንገጥ ይቅር።

አያያዙ ላይ፣ መጀመሪያ ውኃ። ጀርባው ላይ "30 ሜትር" የሚል ጽሑፍ 30 ሜትር ጥልቀት ይዛችሁ ግቡ ማለት አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አዲስ ሆኖ፣ ሳይንቀሳቀስ የተቋቋመው ግፊት ነው። በሥራ ላይ ትርጉሙ እጅ መታጠብና ዝናብ ነው። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የሚረጨውን ውኃ ይችላል፤ ጠበል ስትገቡ ግን አውልቁት። ለዋና 100 ሜትር የተጻፈበት ይሻላል። ሙቅ ሻወር ከቀዝቃዛ ዋና ይብሳል፤ እንፋሎት ቀጭን ነው፣ የውስጡን የጎማ ቀለበትም ያደክመዋል። ያ ጎማ ደግሞ ያረጃል፤ የአሥር ዓመት ሰዓት ላይ የተጻፈው ቁጥር የአሥር ዓመት ወሬ ነው። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከያዘ በዚያው ቀን ወደ ሰዓት ሠሪ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ዝገቱን አያስቀረውም።

ሁለተኛው ጠላት ስልካችሁ ነው። ስፒከሩ፣ ማግኔት ያለው ከቨሩ፣ ገመድ አልባ ቻርጀሩ ሁሉ ማግኔት ናቸው። ሜካኒካል ሰዓት ማታ ማታ ስልክ ላይ ተደርቦ ካደረ ውስጡ ያለው ፀጉር የሚያህል ሞላ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ይጀምራል። ሰው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ሰዓት ሠሪው ጋ ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ ካለ ግን የሰከንዶች ሥራ ነው። ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አንድ ክንድ ያህል ይበቃል።

ኳርትዝ ላይ ደግሞ ባትሪ። የሰከንዷ ቆጣሪ ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት ሰከንድ መዝለል ከጀመረች አልተበላሸችም፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው እያለች ነው። ያለቀ ባትሪ ውስጥ ትቶ መሳቢያ መክተት የሰዓት ዋና ገዳይ ነው፤ ባትሪው ይፈሳል፣ ሰርኪዩቱን ይበላዋል። ሰዓቱን ባታደርጉትም ባትሪውን አስወጡለት።

ይኼን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ መሳቢያውን ክፈቱ። ሜካኒካል ከሆነና ለዓመታት ቆሞ ከነበረ አውቶማቲኩን ነቅነቅ፣ በእጅ የሚሞላውን ጥቂት ዙር ሞላ አድርጋችሁ ሞክሩት። ሄደም አልሄደም ግን ለብዙ ወር ከማሰራችሁ በፊት ይከፈትና ይታጠብ፤ የደረቀ ዘይት ላይ የሚሄድ ሰዓት መዘውሩን ይፈጫል። በየአምስት ዓመቱ ገደማ እንዲህ መደረግ አለበት። መንገድ ዳር ባለች የመስታወት ሳጥን ጀርባ፣ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ገጥመው የተቀመጡት አባት ዋጋ ሲጠሯችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ምን እንደሚሠሩለት ጠይቁ፦ "ታጥቦ ዘይት ይቀየርለታል ወይስ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ብቻ ነው?" ሁለቱ ዋጋቸው አንድ መሆን የለበትም። ለኳርትዝ ከሆነ ደግሞ "ባትሪው ሲልቨር ነው አልካላይን?" በሏቸው። መጠናቸው አንድ ነው፤ ሲልቨሩ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይቆያል፣ የመፍሰስ ዕድሉም ያነሰ ነው። የጎማ ቀለበቱንም አብረው እንዲያዩት ንገሯቸው፣ ክዳኑ የሚከፈተው ለዚያ ነውና። የተቀየረ ዕቃ ካለም አሮጌውን አሳዩኝ በሏቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እንዲያውም ወንበር ስቦ ያስቀምጣችሁና ውስጡን በአጉሊ መነጽር ያሳያችኋል።